ማንቂያው በርቶ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን አላየውም

በጃፓን የአዲስ ዓመት ማግስት ነው፤ ጃንዋሪ 2 ቀን 2024፣ አመሻሽ ላይ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የቶኪዮው ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ በበዓል ተጓዥ ተጨናንቋል። ከሳፖሮ የተነሣ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 379 ሰው ይዞ ለማረፍ እየወረደ ነው። ሊያርፍበት ባለው መንደርደሪያ ላይ ግን አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ቆማለች። የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ናት። ከአንድ ቀን በፊት የኖቶን አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ መትቶት ስለነበር፣ የእርዳታ ዕቃ ለማድረስ ነው የወጣችው። እዚያ ቦታ መቆም አልነበረባትም። 40 ሰከንድ ያህል ቆመች። ኤርባሱ መጥቶ ከኋላ ገጫት።

በትንሿ አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ፤ የተረፈው ካፒቴኑ ብቻ ነው። በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ከሚነድ አውሮፕላን በሕይወት ወጡ። ዓለም በዚህ ተደነቀ፤ ሊደነቅም ይገባል።

እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መቆጣጠሪያ ማማው ውስጥ ይህንኑ አደጋ እንዲጠቁም የተሠራ ስክሪን ነበር። ሊያርፍ የተቃረበ አውሮፕላን እያለ ሌላ አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ከገባ፣ ስክሪኑ ላይ መንደርደሪያው ቢጫ ይሆናል፣ የአውሮፕላኑም ምልክት ቀይ ይሆናል። በዚያ ምሽትም ሥራውን ሠርቷል። ማስጠንቀቂያው ለአንድ ደቂቃ ያህል በርቶ ቆይቷል። ተቆጣጣሪው አላየውም።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል። «እንዴት አያይም? ሥራው ማየት አይደል እንዴ!» እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያልኩት። ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳነብ ግን ቁጣዬ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ጥያቄ ተለወጠ። አንድ ሰው ሁሉም ነገር ደኅና ነው ብሎ ባመነበት ሰዓት፣ ማሽን «ተሳስተሃል» ሊለው የሚችለው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል እንይ።

ማማው ላይ ያለ ተቆጣጣሪ በመስኮት ያያል፣ ስክሪን ያያል፣ በሬዲዮ ይናገራል፣ የተናገረውን አብራሪው በትክክል ደግሞ እንደሆነ ያዳምጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ሥዕል ይይዛል። ይኼኛው ሊያርፍ 5 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ያኛው መግቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሦስተኛው አሁን አርፎ እየወጣ ነው። ይህን ሥዕል ይዞ ከአሁኑ ሁለት ደቂቃ የሚቀድም ሐሳብ ያስባል። ጎበዝ ተቆጣጣሪ የሚባለው ሥዕሉ የማይበታተንበት ሰው ነው።

አደጋውም ያለው እዚሁ ሥዕል ውስጥ ነው። ሥዕሉ ከተሳሳተ፣ ሰውየው መሳሳቱን የሚያውቅበት ስሜት የለውም። ትክክል መሆንና ትክክል መምሰል ከውስጥ ሲታዩ አንድ ናቸው። ወጥ ጥዳችሁ፣ ስልክ ተደውሎ ሌላ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ጊዜ «ወጡን ረስቼዋለሁ» የሚል ሐሳብ የለም። ወጡ ራሱ ከሐሳብ ወጥቷል። የሚያስታውሳችሁ ሽታው ነው።

በሃኔዳ ሥዕሉ የተለያየው በአንዲት ቃል አካባቢ ነው። ተቆጣጣሪው ለጠረፍ ጥበቃዋ አውሮፕላን «ናምበር ዋን» አለና ሲ5 በሚባለው መግቢያ ላይ ወዳለው የመቆያ ነጥብ እንድትሄድ ነገራት። ለመነሣት ከሚጠብቁት የመጀመሪያዋ ናት ማለቱ ነው። ካፒቴኑ ግን መንደርደሪያው ላይ እንዲገባ የተፈቀደለት መሰለው። ባንክ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ «ቀጣዩ አንተ ነህ» ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ አንዱ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ይሄዳል። ሁለቱም የሰሙት አንድ ቃል ነው። ትእዛዙ በትክክል ተደግሞ ለተቆጣጣሪው ተመልሶለታል፤ ስለዚህ የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረም። በእሱ ሥዕል ውስጥ ትንሿ አውሮፕላን መግቢያው ላይ ቆማለች። ዓይኑን ወደ ሌሎቹ አውሮፕላኖች አዞረ። መሽቶ ስለነበር የኤርባሱም አብራሪዎች ትንሿን ያዩዋት ሊገጯት ሲሉ ነው።

አሁን ወደ ስክሪኑ እንመለስ። ማንቂያው ድምፅ አልነበረውም። ቀለም ብቻ ነው። ቀለም የሚጠቅመው ላየው ሰው ነው። የመንደርደሪያ ተቆጣጣሪ ደግሞ ዋናው ሥራው በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ነው። ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብሎ ያመነ ሰው ደግሞ ማንቂያ ፍለጋ ወደ ስክሪን አይዞርም፤ ለመዞር መጀመሪያ መጠራጠር ያስፈልጋል። ማንቂያው ግን የተሠራው ላልጠረጠረ ሰው ነበር። ይህ የአንድ ተቆጣጣሪ ስንፍና አይደለም፤ የአሠራር ጉድለት ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በኒውዮርክ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ጃንዋሪ 13 ቀን 2023፣ ማታ፣ ጄኤፍኬ አውሮፕላን ማረፊያ። የዴልታ ቦይንግ 737 ለመነሣት ተፈቅዶለት መንደርደር ጀምሯል። ወደ ለንደን የሚሄደው የአሜሪካን አየር መንገድ ቦይንግ 777 መንገድ ተሳስቶ ያንኑ መንደርደሪያ ሊያቋርጥ ገባ። ማማው ውስጥ ማንቂያው ጮኸ፤ በስክሪንም በድምፅም። ተቆጣጣሪው ወዲያው የዴልታን ፈቃድ ሰረዘ። አብራሪዎቹ ፍሬን ያዙ። ሁለቱ አውሮፕላኖች በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ተራረፉ።

ይህኛው ማሽን ኤኤስዲኢ ኤክስ ይባላል። በአሜሪካ 35 ትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ተተክሏል። የመሬት ራዳር ያየውን፣ ትራንስፖንደር ከሚባለው የአውሮፕላኖቹ መልእክት ላኪ መሣሪያ የሚመጣውን ምልክትና የሳተላይት አቀማመጥ መረጃን አዋህዶ፣ ማን የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በየሰከንዱ ያሰላል። ሁለት ነገሮች አንድ መንደርደሪያ ላይ ሊገናኙ መሆኑን ሲያይ ይጮኻል። ጭጋግ ይሁን ጨለማ ለእሱ ለውጥ የለውም።

ግን ልብ በሉ። ማሽኑ የሚጮኸው ማማው ውስጥ ነው፤ የዴልታ አብራሪዎች አይሰሙትም። ተቆጣጣሪው ሰምቶ፣ የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ ለይቶ፣ ማንን ማስቆም እንደሚሻል ወስኖ፣ ማይክሮፎን ተጭኖ መናገር አለበት። አብራሪውም ሰምቶ እጁን ማንቀሳቀስ አለበት። ለማረፍ የሚመጣ ጄት በሰከንድ 70 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሥር ሰከንድ ማለት 700 ሜትር ነው። (ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላን እኛ ጋ ሲያርፍ ከዚህም ይፈጥናል።) በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ተቆጣጣሪው «እውነት ይሆን?» ብሎ ለማመንታት ቦታ የለውም።

ማመንታቱ ከየት ይመጣል? ከሐሰተኛ ጩኸት ነው። ሰፈር ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚጮህ የመኪና አላርም ካለ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም መስኮት ይከፍታል። በሳምንቱ ማንም ከአልጋው አይነሣም። ማማ ውስጥም እንዲሁ ነው። ዝናብን አውሮፕላን ብሎ የሚጮህ፣ መውጣት የጀመረን አውሮፕላን እንደቆመ ቆጥሮ የሚጮህ ማሽን፣ ተቆጣጣሪውን ራሱ እንዳይሰማው ያሠለጥነዋል።

በዚህ ረገድ ከማውቃቸው ታሪኮች በጣም የሚያሳዝነኝ የጓም ነው። መንደርደሪያ ላይ የሆነ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በአሜሪካዋ ደሴት ጓም፣ አንድ አውሮፕላን ከሚገባው በላይ ዝቅ ካለ ተቆጣጣሪውን የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ነበር። ያለምክንያት ስለሚጮህ ሰዎች ተሰላቹ። ከዚያ ሆን ተብሎ ተስተካከለና በማረፊያው ዙሪያ ላለው ሰፊ ክልል ዝም እንዲል ተደረገ። ኦገስት 6 ቀን 1997 የኮሪያ አየር መንገድ ቦይንግ 747 በዝናብ ውስጥ ዝቅ ብሎ መጥቶ ከኮረብታ ጋር ተጋጨ። 228 ሰው ሞተ። ሥርዓቱ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ያስጠነቅቅ ነበር። ዝም ያሰኙት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ጩኸት ሰልችቷቸው ነው።

እናም መሐንዲሶቹ ሁልጊዜ በሁለት ችግር መካከል ናቸው። ማሽኑን ፈጣን ካደረጉት ያለምክንያት ይጮኻል። ታጋሽ ካደረጉት ሲጮህ ይረፍዳል። ትክክለኛዋ ነጥብ ለእያንዳንዱ ማረፊያ የተለየች ናት፤ የምትገኘውም በየቀኑ ከማሽኑ ጋር የሚውሉትን ተቆጣጣሪዎች በመጠየቅ ነው። ብዙ ቦታ የሚዘለለው ይህ ይመስለኛል። ማሽን ይገዛል፣ ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከስድስት ወር በኋላ «ስንት ጊዜ ጮኸ? ስንቱ እውነት ነበር? ምን አደረጋችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ያስፈልጋል።

ማሽኑ የማያውቀውም አለ። ጁላይ 7 ቀን 2017፣ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ ሳን ፍራንሲስኮ። ከቶሮንቶ የመጣ የኤር ካናዳ ኤርባስ ኤ320 ለማረፍ ይወርዳል። ከሁለቱ ጎን ለጎን መንደርደሪያዎች አንዱ ለጥገና ተዘግቶ መብራቱ ጠፍቷል። አብራሪዎቹ የበራውን መንደርደሪያ የተዘጋው መሰላቸው። ከጎኑ ያለውን ታክሲዌይ፣ ማለትም አውሮፕላኖች ወደ መንደርደሪያ የሚሄዱበትን መንገድ፣ ደግሞ መንደርደሪያ ብለው ወደዚያ ወረዱ። ታክሲዌዩ ላይ አራት አውሮፕላኖች መንገደኛ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። የኤር ካናዳው አብራሪ መብራት የሚመስል ነገር አይቶ ግራ ስለገባው መንደርደሪያው ላይ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ተቆጣጣሪው አጣርቶ ማንም እንደሌለ መለሰለት። እውነቱን ነው፤ መንደርደሪያው ባዶ ነበር። ሰዎቹ ወደ መንደርደሪያው እየመጡ አልነበረም እንጂ።

ኤኤስዲኢ ኤክስ እዚያም ነበረ። አልጮኸም። የተነገረው መንደርደሪያን እንዲጠብቅ ነው። ታክሲዌይ ላይ ሊያርፍ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። መሬት ላይ ከሚጠብቁት አብራሪዎች አንዱ በሬዲዮ ጮኸ። የኤር ካናዳ አብራሪዎችም አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ተሰማቸውና ከመሬት 18 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ወደ ላይ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ወደ ታክሲዌይ የሚወርድንም እንዲለይ ተሻሻለ። ያችን ሌሊት ያተረፈው ግን የሰው ጥርጣሬ ነው።

ታዲያ በሰውና በማሽን መካከል አለመግባባት ሲመጣ የማን ቃል ይጽና?

በአየር ላይ ይህ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። መልሱ የተገኘው በብዙ ሕይወት ዋጋ ነው። ጁላይ 1 ቀን 2002 በደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን ከተማ ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ከፍታ ወደ አንድ ነጥብ ይበሩ ነበር። አንደኛው አብዛኞቹ መንገደኞቹ ሕፃናት የነበሩ የሩሲያ ቱፖሌቭ ነው፤ ሌላኛው የዲኤችኤል የጭነት አውሮፕላን። ዙሪክ የነበረው ተቆጣጣሪ ብቻውን ሁለት የሥራ ቦታ ይሸፍን ነበር። የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱም ለጥገና በከፊል ጠፍቷል። ዘግይቶ አየና ቱፖሌቩን «ውረድ» አለው። እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ግጭት መከላከያ መሣሪያ፣ ቲካስ የሚባለው፣ «ውጣ» አለ። የጭነቱን አውሮፕላን ደግሞ የራሱ ቲካስ «ውረድ» ብሎታል። የሩሲያ አብራሪዎች የሰውየውን ቃል ሰሙ። ሁለቱም ወረዱ። ተጋጩ። 71 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ደንብ በግልጽ ተጻፈ፦ ቲካስ ሲያዝዝ ቲካስን ስሙ፣ ተቆጣጣሪው ሌላ ቢልም።

ይህ ደንብ ወደ መንደርደሪያ ለምን አይወርድም? ቲካስ መሬት አጠገብ ሲደርስ ማዘዙን ያቆማል፤ እዚያ ደረጃ ላይ «ውረድ» ማለት ራሱ ግድያ ነውና። የማማው ማሽን ደግሞ አደጋ መኖሩን እንጂ ከሁሉ የተሻለው መውጫ የቱ እንደሆነ ሁልጊዜ አያውቅም። ሊነሣ የሚንደረደር አውሮፕላን ፍጥነቱ ካለፈ፣ ማስቆም ከመልቀቅ የከፋ ሊሆን ይችላል። ይህን መመዘን የሰው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። እኔም እንዲህ መሆኑ ትክክል ይመስለኛል።

ግን ማስጠንቀቂያው በሰው በኩል ብቻ እንዲያልፍ ግድ አይደለም። በአሜሪካ 20 ማረፊያዎች ላይ መንደርደሪያው ውስጥ የተቀበሩ ቀይ መብራቶች አሉ። ሌላ አውሮፕላን በፍጥነት እየመጣ ከሆነ፣ ሊገባ ወይም ሊነሣ ላለው አብራሪ ፊት ለፊት በራሳቸው ይበራሉ። ተቆጣጣሪው አይነካቸውም። ደንቡም ቀላል ነው፦ ቀይ ከበራ ቁም፣ ማማው «ሂድ» ቢልህም። መብራቱ ጠፋ ማለት ደግሞ ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ፈቃድ ከሰው ብቻ ነው የሚመጣው። በእኔ እይታ ይህ አከፋፈል ድንቅ ነው። ማሽኑ የማስቆም እንጂ የማሳለፍ ሥልጣን የለውም። ሃኒዌልን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ደግሞ ማንቂያውን በቀጥታ ለአብራሪው ጆሮ የሚያደርስ መሣሪያ እያዘጋጁ ነው።

ማሽን በሌለበትስ? በሎስ አንጀለስ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 አንዲት ተቆጣጣሪ አነስተኛ አውሮፕላንን መንደርደሪያው መሐል አቁማ፣ በሥራ መሐል ከሐሳቧ ወጥታባት፣ ትልቁን ቦይንግ እንዲያርፍ ፈቀደችለት። መሽቷል። የመሬቱ ራዳር በዚያ ቀን ተበላሽቷል። 35 ሰው ሞተ። የተረሳው ወጥ ነገር ማለት ይህ ነው፤ ሽታውን የሚያደርስላት አልነበረም። መርማሪዎቹም ዋናውን ጥፋት የጣሉት እሷ ላይ አይደለም። አንድ ሰው ሲረሳ የሚይዘው ሌላ ዘዴ ባላዘጋጀው አመራር ላይ ነው።

በቴክሳስ ኦስቲን ደግሞ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 ማለዳ ላይ ጭጋጉ ከባድ ስለነበር ተቆጣጣሪው መንደርደሪያውን ማየት አይችልም ነበር። የመሬት ራዳርም የለም። የፌዴክስ ጭነት አውሮፕላን ሊያርፍ እየመጣ ሳለ፣ ተቆጣጣሪው የሳውዝዌስት አየር መንገድን 737 እንዲነሣ ፈቀደ። ቶሎ ይነሣል ብሎ ገምቷል። ቶሎ አልተነሣም። የፌዴክስ ረዳት አብራሪ በጭጋጉ ውስጥ የ737ቱን ቅርጽ አይቶ ሳያርፉ እንዲመለሱ ወሰነ። በመካከላቸው የቀረው ከ60 ሜትር ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ለኦስቲን ማማ መሬት ላይ ያለውን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ስክሪን ገባለት።

ሃኔዳም ተለወጠች። አደጋው በደረሰ በቀናት ውስጥ ያን ስክሪን ብቻ የሚከታተል ተቆጣጣሪ ተመደበ። «ናምበር ዋን» የሚለው አባባልም ለጊዜው ቆመ። ቆየት ብሎ የባለሙያዎች ኮሚቴ ማንቂያው ድምፅ እንዲኖረው መከረ። ስክሪኑን ብቻ የሚያይ ሰው ማስቀመጥ ለጊዜው ጥሩ ነው። ነገር ግን ለወራት ምንም የማይሆንበትን ስክሪን ትኩር ብሎ ማየት ለሰው አእምሮ ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው። ድምፁ ይሻላል፤ ዓይን ሌላ ቦታ ሲሆን ጆሮ ክፍት ነውና።

እናንተም በምትጓዙበት ጊዜ አንድ ቀን ይህ ይገጥማችሁ ይሆናል። አውሮፕላኑ ሊያርፍ መሬቱ ከታች በቅርብ እየታያችሁ ሳለ፣ ሞተሩ ድንገት ያገሣና ወደ ላይ ይነሣል። አብራሪዎች «ጎ አራውንድ» ይሉታል። ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ የሚጸልይም አለ። አትደንግጡ። አንድ ሰው፣ ማማ ላይ ወይም ከፊት ወንበር ላይ፣ አንድ ነገር አጠራጥሮት ይሆናል። ምናልባት ቀድሞ ያረፈው አውሮፕላን በጊዜው አልወጣም። ምናልባት ማንቂያ ጮኾ ሰምቶታል። ቀበቷችሁን እንዳሰራችሁ ቆዩ፤ ካፒቴኑ ፋታ ሲያገኝ በማይክሮፎን ይነግራችኋል፤ አውሮፕላኑም ዞሮ ይመጣና ያርፋል።